ያቺ ሩብ የማን ናት?

«ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ! ሩቧ ስትጨመር ሃያ አንድ ከሩብ! ታዲያ የእኔ ጨርቅ የት ገባ?» የአቶ በላቸው ድምፅ ሳሎኑን አልፎ ጓዳ ድረስ መጣ። ጓዳ ውስጥ እንኳየሁ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ለሰርጉ የሚሆን ምስር ትለቅም ነበር። እጇን አቆመችና በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቃ አየች። ልብስ ሰፊው ጀማሉዲን ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ግቡ ያላቸው የለም። የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ከስፌት ማኪናቸው ተነሥተው በቀጥታ እንደመጡ ያስታውቃል።

«እኔ ያጎደልኩት የለም፣ አቶ በላቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ስድስቱን ቀሚስ ጨርሻለሁ። ለሰባተኛዋ ግን ጨርቁ አነሰ። ሰርጉ ሳይደርስ ልንገርዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አነሰ? ለአንዷ ሦስት ሜትር ከሩብ ይበቃል ያልከኝ አንተ፤ ሃያ አንድ ከሩብ አስለክቼ የሰጠሁህ እኔ!»

«ከእርስዎ ስረከብ ልለካው ብዬ ነበር፤ እርስዎ ከለከሉኝ እንጂ።»

«እኔ ያስለካሁትን አንተ መልሰህ ልትለካ?»

አቶ በላቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። በዚያ ቢሮ ከእሳቸው እጅ ቁጥር ያላገኘ ማመልከቻ ገና እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ከሥራቸው ፍቅር የተነሣ ቤታቸውም ውስጥ ቁጥር የሌለው ዕቃ የለም፤ ስምንቱ ወንበሮች ከሥራቸው በቀይ ቀለም ተቆጥረዋል፤ እንግዳ ሲመጣ «ሦስተኛውን አምጪ» ይባላል እንጂ ወንበር አምጪ አይባልም። ሚስታቸው ወይዘሮ ጽጌሬዳ ብርሌዎቹን ሳይቀር በቁጥር ነው የሚያስረክቧቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሒሳብ ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር ዘመድ አልተገኘም። ቁጥር በተራ መስጠትና ቁጥር ማባዛት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያሰበበትም የለም፤ አቶ በላቸው ራሳቸውም ቢሆኑ።

ጊዜው ጥር 1951 ዓ.ም. ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም፤ ዕለቱ ረቡዕ። እሑድ የአቶ በላቸው ልጅ ትርንጎ ትዳራለች። ሰባት ሴት ሚዜዎች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሳቲን ለብሰው ከኋላዋ ይሄዳሉ ተብሎ ፒያሳ ካለው ከያሕያ ሱቅ ጨርቅ ተገዝቷል። አንዱ ሜትር ሁለት ብር ከስሙኒ ነው፤ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ዋጋውን ለጎረቤት ሲናገሩ ስሙኒዋን አይረሷትም።

«በል ስማኝ» አሉ አቶ በላቸው፣ ከአጥር ውጭ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መሪጌታ ወልደኢየሱስ እዚህ ይገኛሉ። በእሳቸው ፊት ጨርቄን ይዘህ ቅረብ። ያለዚያ ሌባን የት እንደሚከሱት አውቃለሁ!»

ሌባ የምትለዋ ቃል ስትወጣ የጎረቤት ሴቶች ከአጥሩ ማዶ ሥራቸውን አቆሙ። አያ ጀማሉዲን አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር አወረዱ፤ ጠቀለሉት፤ ኪሳቸው ከተቱትና ሄዱ። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ከተማ ሲሰፉ ቃሏ ከዚያ በፊት ጠርታቸው አታውቅም።

እሳቸው እንደወጡ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለባላቸው መፍትሔ አቀረቡ። «እኔ እምለው፣ ስድስት ሚዜስ ምን አነሰው? ሰባተኛዋ እንኳየሁ ናት፤ እሷ እንደሆነች ያን ዕለት ወጥ ቤት ናት የምትውለው። ጭስ ውስጥ ሰማያዊ ሳቲን ምን ያደርግላታል?» አቶ በላቸው ዝም አሉ። በዚያ ቤት የእሳቸው ዝምታ እንደ ፊርማ ነው።

እንኳየሁ መጋረጃውን ለቀቀችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አቶ በላቸው የእናቷ ወንድም ናቸው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ጎንደር ተምራ ሰው ትሆናለች ተብላ ከድብ ባሕር መጣች። ስትመጣ በአገሯ ደንብ «አያ በላቸው» አለቻቸው፤ «ጋሼ በይኝ፣ እኛ እኮ ከተማ ነን» ቢሏትም ምላሷ እሺ አላለም። አምስተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አጎቷ ስሟን ከጻፈች፣ ደብዳቤ ካነበበች ለሴት ልጅ ይበቃል ብለው አስወጧት። የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ከትርንጎ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ጠዋት ግን ትርንጎ ስትነሣ እንኳየሁ እሳት ካነደደች ቆይታለች።

ትርንጎ በዚያው ሰዓት ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጓዳ ገባች። ሁሉንም እንደሰማች ፊቷ ይናገራል። ማሰሮው ውስጥ አየች፤ የማትፈልገውን ማንኪያ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች።

«ምስሩ ድንጋይ ይበዛዋል?» አለች።

«አይበዛውም» አለች እንኳየሁ።

ትርንጎ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወጣች። ሌላ ምን እንዲባል ነበር? እንኳየሁ ግን ስለ ቀሚሱ ብቻ አልነበረም የምታስበው። «ሃያ አንድ ከሩብ» የምትለዋ ነገር ጆሮዋ ላይ ቀርታ ትኮሰኩሳት ነበር። አምስተኛ ክፍል ያስተማሯቸው መምህር ማሩ ድብልቅ ቁጥር ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ ቤት ይሥሉ ነበር። «ሦስት ከሩብ ማለት» ይሉ ነበር «ሙሉና ስባሪ አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው። በሰባት ስታባዙ ሙሉውን ብቻ ሰላም ብላችሁ አትለፉ፤ ስባሪዋም ቤት ውስጥ አለች፤ ትቀየማችኋለች።» ክፍሉ ይስቅ ነበር። እንኳየሁ ሰፌዱን አደላደለችና ከምስሩ ሦስት ሦስት ፍሬ እየለየች ሰባት ቦታ ደረደረች። በየአጠገባቸው አንዳንድ ስባሪ ክክ አኖረች። ሙሉዎቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ስባሪዎቹ ግን አንድ አይደሉም፤ ሰባት ናቸው። አራቱን ገጠመችና አንድ ሙሉ አደረገቻቸው፤ ሦስቱ ቀሩ። ሃያ ሁለት ከሦስት ሩብ። ደግማ ቆጠረች። ሃያ ሁለት ከሦስት ሩብ። አጎቷ ሰባት ሩብ መግዛት ሲገባቸው የገዙት አንዲት ሩብ ነው። ስድስቱ ሩቦች፣ አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ፣ ከያሕያ ሱቅ ወጥተው አያውቁም።

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ምስሮቹን በእጇ ደባለቀቻቸው።

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ጽጌሬዳ የዐሥራ አምስት ሳንቲም ጥቁር አዝሙድ እንድትገዛ ላኳት። «ቶሎ ነይ፣ ደግሞ ከሰው ጋር እንዳትቆሚ» አሏት። እንኳየሁ አዝሙዱን ገዝታ በፒያሳ በኩል አለፈች። በያሕያ ሱቅ መስኮት ከሰማያዊው ሳቲን የተረፈች ትንሽ ጥቅል ቆማለች፤ ከማክሰኝት የመጣች የምትመስል ሴት ጫፏን በጣቷ እያሸች ዋጋ ታስቀንሳለች። እንኳየሁ ይህን አይታ እርምጃዋን አፈጠነች። ከኮላ ድባ እህል ጭኖ የመጣው የጭነት ማኪና መንገዱን ዘግቶ ሾፌሩና አህያ ነጂዎቹ ማን ይለፍ እያሉ ይከራከራሉ። በመካከላቸው ሾልካ ቁልቁል ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር ወረደች።

የአያ ጀማሉዲን ሱቅ አንድ ክፍል ናት፤ ግማሹን ማኪናው፣ ግማሹን ጨርቅ ይዞታል። ስድስቱ ሰማያዊ ቀሚሶች ገመድ ላይ ተሰቅለዋል። ማኪናው ግን ዝም ብሏል። ሚስታቸው ጦይባ በርጩማ ሳብ አድርገው ለእንኳየሁ ሰጧት፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። «አሁን አንዲት ሴት መጥታ የልጇን ሱሪ ጨርቅ ሳይሰፋ ወሰደች» አሏት። «ምነው ስላት፣ ቸኮልኩ አለች። ካልተሰፋ ነገር ምን ያስቸኩላል?» አያ ጀማሉዲን ሚስታቸውን በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው።

እንኳየሁ የመጣችበትን ነገረቻቸውና ሁሉንም አብረው ለኩ። ለአንዷ ቀሚስ የገባው ጨርቅ ቁርጥራጩን ጨምሮ ልክ ሦስት ሜትር ከሩብ ነው። የተረፈው ጨርቅ አንድ ሜትር ከሦስት ሩብ ሆነ። እንኳየሁ በጣቷ አቧራ ላይ ጻፈች፤ ለስድስቱ ዐሥራ ዘጠኝ ተኩል፤ ከተረፈው ጋር ሃያ አንድ ከሩብ። «አያ ጀማሉዲን፣ አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም» አለች። «የገባው ሁሉ እዚሁ አለ። መጀመሪያውኑ ነው ያነሰው።»

ሽማግሌው አቧራው ላይ ያለውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጨርቅ ግን ከዓይናቸው አያመልጥም። «እጄ እኮ አውቆት ነበር» አሉ። «አፌ ነው ማስረዳት ያቃተው።» ከዚያ በእግራቸው አቧራውን አጠፉት። «ሸጋ ልጅ ነሽ። ግን ይሄን እዚያ እንዳትናገሪ። እኔ ብናገር ሌባው ራሱን ተከላከለ ይሉኛል። አንቺ ብትናገሪ ደግሞ፣ እሑድ ሲያልፍ የምትውይበት የምታድሪበት ቤት ነው። ለእኔ አላህ አለኝ።»

«ለእኔስ?» አለች እንኳየሁ፤ ወዲያው በተናገረችው አፈረችና ጥቁር አዝሙዷን ይዛ ተነሣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ እንደ ችሎት ተሰናዳ። መሪጌታ ወልደኢየሱስ ወንበር ቁጥር አንድ ላይ ተቀመጡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሊቅ ናቸው፤ በዓላት መቼ እንደሚውሉ የሰፈሩ ሰው እሳቸውን ነው የሚጠይቀው። አቶ በላቸው ቁጥር ሁለትን ያዙ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። አያ ጀማሉዲን ስድስቱን ቀሚስና ትራፊውን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ቆሙ፤ ለእሳቸው የተጠራ ቁጥር አልነበረም። እንኳየሁ ለመሪጌታ ጠላ፣ ለአያ ጀማሉዲን ውሃ ይዛ ገባች።

አቶ በላቸው ትራፊውን ራሳቸው ለኩ። «አንድ ሜትር ከሦስት ሩብ» አሉ፤ ወረቀት ላይም ጻፉት። ከዚያ ተነሥተው እንደ ዐቃቤ ሕግ ተናገሩ። «አሁን ይመልከቱልኝ፣ መሪጌታ። ስድስት ቀሚስ አለ። ስድስት ጊዜ ሦስት ዐሥራ ስምንት፤ ሩቧ ስትጨመር ዐሥራ ስምንት ከሩብ። ትራፊው ሲደመርበት ሃያ ሜትር። የሰጠሁት ሃያ አንድ ከሩብ። እንግዲህ አንድ ሜትር ከሩብ የት ሄደ? ቁጥር አይዋሽም!»

እውነትም ሲሰሙት የማያስነካ ክስ ነበር። መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። አያ ጀማሉዲን መሬቱን አዩ። እንኳየሁ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች መውጣት ነበረባት፤ እግሯ ግን አልወጣም።

«አያ በላቸው» አለች። «አንዲት ነገር ልጠይቅ?»

«አሁን ነው የምትጠይቂው?»

«ትንሽ ናት። ያቺ ሩብ የማን ናት?»

«የምን ሩብ?»

«ዐሥራ ስምንት ከሩብ ያሏት። ቀሚሶቹ ስድስት ናቸው፤ ሩቧ አንድ ናት። ከሚዜዎቹ የማንኛዋ ናት?»

«የሁሉም ናታ! እያንዳንዷ ቀሚስ ሦስት ከሩብ አይደለችም እንዴ?»

«እሱን ነው ያልኩት» አለች እንኳየሁ። «እያንዳንዷ የየራሷን ሩብ ይዛ ከመጣች፣ ስድስት ሩብ ነው የሚኖረው። አንቱ የአንዷን ብቻ ተቀብለው አምስቱን ከደጅ መለሷቸው።»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ልጅቷን ውጪ በሚል ዓይን አዩአት። በመካከሉ መሪጌታ ወልደኢየሱስ የግራ እጃቸውን አንጓዎች በአውራ ጣታቸው እየነኩ መቁጠር ጀምረው ነበር። አንድ ጊዜ ቆጠሩ፤ ደገሙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳል የያዛቸው መስሎ ነበር፤ ሳቅ ኖሯል።

«በላቸው፣ በላቸው!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በአንተ ሒሳብማ ጳጉሜን ስድስት የሚባል ቀን በምድር ላይ አይኖርም ነበር! ዓመቱ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ከሩብ ነው። ማቴዎስም ማርቆስም ሉቃስም ዮሐንስም የየራሳቸው ሩብ አላቸው። አራቱ ሩብ ሲገጥሙ አይደለም እንዴ አንድ ቀን ወጥቶ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው? አንተ ግን ወንጌላውያኑን ሁሉ ሰብስበህ አንዲት ሩብ ቀን ሰጥተህ ልትሸኛቸው ነው!»

አቶ በላቸው ወረቀታቸውን ወሰዱ። ስድስት ጊዜ ሦስት ከሩብ ጻፉ፤ አንድ በአንድ ደመሩ። ዐሥራ ዘጠኝ ተኩል። ትራፊውን ጨመሩበት። ሃያ አንድ ከሩብ። እርሳሱን አስቀመጡ። ሰባት ጊዜ ሦስት ከሩብንም ሞከሩት፤ እዚያ ሲደርሱ ጆሯቸው ቀላ።

«ቁጥሩን አልተሳሳትኩም» አሉ በመጨረሻ። «የተሳሳተው ማባዛቱ ነው።»

«ማባዛቱን ማን አባዛው?» አሉ መሪጌታ።

አቶ በላቸው ተቀምጠውበት የነበረውን ወንበር በገዛ እጃቸው አንሥተው አያ ጀማሉዲን ፊት አኖሩ። «ይቀመጡ» አሉ። ጠዋት አንተ ያሉትን ሰው አሁን እርስዎ ሲሉ ምላሳቸው ትንሽ ተደናቀፈ። «በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አያ ጀማሉዲን አልተቀመጡም፤ ግን ወንበሩን በእጃቸው ያዝ አደረጉት። «ይቅር ብያለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ። ጠዋት ሌባ ያሉኝ ጮኸው ነው። ይሄን ግን በቀስታ ነው የተናገሩት።»

እዚህ ላይ አቶ በላቸው በዕድሜያቸው ትልቁን ድፍረት አደረጉ። ወደ ደጅ ወጡ፤ የአጥሩን በር ከፈቱ፤ ጎረቤቶቹ እንደሆነ ለመሰብሰብ ጥሪ አላስፈለጋቸውም። ዐዋጅ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጨርቁን ያጎደልኩት እኔው ነኝ! ልብስ ሰፊው ከነገሩ ነፃ ናቸው! ስሕተቱ የሒሳብ ነው!» አሉ። አንዲት አሮጊት አልሰማሁም አለች። ደገሙላት። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ጓዳ ገብተው ማሰሮ ከድነው መልሰው ከፈቱ።

«እንግዲህ ስድስት ሚዜ...» ብለው ሲጀምሩ ባላቸው ከደጅ አቋረጧቸው፤ «ሰባት ናቸው።»

ከያሕያ ሱቅ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። አቶ በላቸው ከፊት፣ እንኳየሁ ከኋላ ነበሩ። የማክሰኝቷ ሴት በዋጋው ሳትስማማ ሄዳለች፤ ሁለት ሜትር ሰማያዊ ሳቲን ቀርቷል። ያሕያ መቀሱን አነሣና «ስንት ልቁረጥ፣ አቶ በላቸው?» አለ። አቶ በላቸው ወደ እንኳየሁ ዞሩ።

«አንድ ሜትር ተኩል» አለች።

«ይበቃል? ኋላ እንዳያንስ» አለ ያሕያ፣ ፈገግታውን ደብቆ፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል።

«እሷ ያሰላችው ነው፤ ቁረጠው» አሉ አቶ በላቸው።

ጨርቁን ለአያ ጀማሉዲን አድርሰው ሲመለሱ የስፌት ማኪናው ድምፅ ከኋላቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ፒያሳን አልፈው ዳገቱ ላይ ሲደርሱ አቶ በላቸው ለመተንፈስ ቆሙ፤ እንኳየሁም ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች።

«ይሄ የሩብ ነገር» አሉ ወደ እሷ ሳያዩ። «አምስተኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት?»

«አዎ።»

«ስድስተኛ ላይስ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?»

«አላውቅም» አለች እንኳየሁ። «አልደረስኩበትም።»

አቶ በላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ውስጡን ተመለከቱ፤ መልሰው አደረጉት። አንድ በርበሬ የጫነች አህያ በመካከላቸው አለፈች። ነጂው ሰላም አላቸው፤ መለሱለት። እንኳየሁ ነገሩ ያለቀ መስሏት መራመድ ስትጀምር አጎቷ ከኋላዋ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ከጠዋቱ ጋር ሲነጻጸር የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«እኔም አልደረስኩበትም» አሉ። «በመስከረም ግቢና እይው። ከዚያ ለእኔም ትነግሪኛለሽ።»